አሞሌ፣ ብርና እህል፤ የሕዝብን ኑሮ በመግዛት ዐቅም ስለ መለካት

የአንድ አገር ሕዝብ ኑሮ ከሌላ አገር ሕዝብ ኑሮ ጋር ሲነጻጸር አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው የነፍስ ወከፍ ገቢ ነው። ይኸውም የአገሪቱ የዓመት ገቢ ለሕዝቡ ቍጥር ተካፍሎ፣ የደረሰው ድርሻ በባንክ ምንዛሪ ወደ አሜሪካ ዶላር ተለውጦ የሚቀርብ ቍጥር ነው። አሠራሩ ቀላል በመሆኑ ብዙዎች ተቀብለውታል። ነገር ግን ሰው ገንዘብን የሚፈልገው ስለሚገዛበት ነገር እንጂ ስለ ገንዘቡ አይደለም። ስለዚህ አንድ ብር በኒው ዮርክ ስንት ሳንቲም ያወጣል ከሚለው ጥያቄ ይልቅ፣ ያው ብር በወገል ጤና ገበያ ስንት ጣሳ ገብስ ይገዛል የሚለው ጥያቄ ለደላንታ ገበሬ ኑሮ የቀረበ ነው።

ይህ ሁለተኛው ጥያቄ በምጣኔ ሀብት ትምህርት የመግዛት ዐቅም እኩልነት በሚባለው መለኪያ ይመለሳል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም መለኪያው ምን እንደ ሆነ ከገለጸ በኋላ፣ ከላስታ፣ ከደላንታና በጠቅላላው ከወሎ ታሪክ ምሳሌ እያመጣ ጥቅሙንም ጕድለቱንም ማሳየት ነው። ጕዳዩ የሊቃውንት ክርክር ብቻ አይደለም። ድኻ ተብሎ የሚቈጠረው ማን እንደ ሆነና ርዳታ የሚደርሰው ለማን እንደ ሆነ የሚወሰነው በመለኪያ ነውና።

መለኪያው ምንድን ነው?

የመግዛት ዐቅም እኩልነት የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1918 የሰጠው ስዊድናዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጉስታቭ ካሰል ነው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ የየአገሩ ዋጋ ተዛብቶ ስለ ነበር፣ የሁለት አገሮች ገንዘብ ትክክለኛ ምንዛሪ መታወቅ ያለበት እያንዳንዱ በአገሩ በሚገዛው ዕቃ መጠን ነው ብሎ አስተማረ።

ነገሩን ለማስረዳት ያህል ምሳሌ እንውሰድ። እህል፣ ልብስ፣ ማገዶ፣ የቤት ኪራይና የመሳሰለው በአንድ ቅርጫት ውስጥ ተሰበሰበ እንበል። ይህ ቅርጫት በአንድ አገር በ100 ብር፣ በሌላው አገር በ4 ዶላር ቢገዛ፣ በመግዛት ዐቅም አንድ ዶላር ከ25 ብር ጋር እኩል ነው ማለት ነው። ባንኩ አንድ ዶላርን በ50 ብር ቢመነዝርም እንኳ በቅርጫቱ ሚዛን ሃያ አምስቱ ብር የአንዱን ዶላር ሥራ ይሠራል። በዚህ ዐይነት ሲሰላ የድኾች አገሮች ገቢ በባንክ ምንዛሪ ከሚታየው ከፍ ብሎ ይገኛል። ምክንያቱም በእነዚህ አገሮች የሰው ጕልበት ርካሽ ስለ ሆነ፣ ጠጕር መቍረጥን፣ ልብስ ማጠብን፣ ቤት መሥራትን የመሰለው አገልግሎት ሁሉ ርካሽ ነው።

ይህን ስሌት በዓለም አቀፍ ደረጃ ለማካሄድ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ከፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ1968 ሥራ ጀመረ። በመጀመሪያው ዙር፣ የ1970ን ዋጋ መሠረት በማድረግ፣ የተነጻጸሩት አገሮች 10 ብቻ ነበሩ፤ ከእነርሱም ውስጥ የአፍሪካ አገር ኬንያ ብቻ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ግን ሥራው እየሰፋ ሄዶ ዛሬ አብዛኛውን ዓለም ያጠቃልላል። የዓለም ባንክም የድኽነት ወለል የሚለውን ቍጥር የሚያወጣው ከዚሁ በመነሣት ነው። ወለሉ በ2017 ዋጋ በቀን 2.15 ዶላር የነበረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 በ2021 ዋጋ 3 ዶላር እንዲሆን ተደርጓል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ማመልከት ያስፈልጋል። በቀን 3 ዶላር ሲባል፣ 3 ዶላር ይዞ ባንክ ሄዶ የሚመነዘረው ብር ማለት አይደለም። 3 ዶላር በአሜሪካ የሚገዛውን ያህል ዕቃ በኢትዮጵያ ለመግዛት የሚበቃው ብር ማለት ነው፤ ይህም ከባንኩ ምንዛሪ ያነሰ ነው። ስለዚህ ከዚህ ወለል በታች ነው የተባለ ሰው ድኽነቱ ከስሙ ይልቅ የከፋ ነው።

የአሞሌ ትምህርት

ካሰል ይህን ከመጻፉ ከብዙ ዘመን በፊት የሰሜን ኢትዮጵያ ነጋዴዎች ነገሩን በሥራ ያውቁት ነበር። ያስተማራቸውም አሞሌ ጨው ነው። አሞሌ በአፋር ዝቅተኛ ሜዳ ከሚገኘው የጨው ንጣፍ እየተጠረበ፣ በግመልና በአህያ፣ በበቅሎም እየተጫነ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር። ሰቈጣ የዚህ ንግድ ታላቅ ገበያ ስለ ነበረች፣ ጨው በእርሷ በኩል ወደ ላስታና ከዚያም ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ይሄድ ነበር። አሞሌ የሚበላ ዕቃም፣ የሚገበያዩበት ገንዘብም ነበር።

በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር መጥቶ ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በአገራችን የቈየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ለአውሮፓ ሰዎች በጽሑፍ ያስተዋወቀው ሰው ነው። ይኸው ጸሓፊ ስለ አሞሌ ዋጋ እጅግ ጠቃሚ ማስታወሻ ትቶልናል። ጨው ከሚወጣበት ስፍራ በአንድ ድራክማ ወርቅ ከ100 እስከ 130 አሞሌ ይገኝ ነበር። የአንድ ቀን መንገድ ያህል ከተራቀ በኋላ በዚያው ወርቅ የሚገኘው አሞሌ በአምስት ወይም በስድስት ይቀንሳል። እንዲህ ከገበያ ወደ ገበያ እያነሰ ሄዶ ንጉሡ ከሰፈረበት ከተማ ሲደርስ በአንድ ድራክማ ወርቅ የሚሰጠው ስድስት ወይም ሰባት አሞሌ ብቻ ነበር። በክረምት ጊዜ አምስት ብቻ ሲሰጥም አይቷል።

ከዚህ የምንረዳው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ አንድ ገንዘብ በአንድ መንግሥት ግዛት ውስጥ እንኳ ከቦታ ወደ ቦታ ወደ ሃያ እጥፍ የሚደርስ የዋጋ ልዩነት ሊኖረው እንደሚችል ነው። አሥር አሞሌ ያለው ሰው በንጉሡ ከተማ ባለጸጋ መሰል ነው፤ በጨው ሜዳው ላይ ግን ያው አሥር አሞሌ ከምንም አይቈጠርም። የሁለቱን ሰዎች ሀብት በአሞሌ ቍጥር ብቻ ብናነጻጽር እኩል ናቸው እንላለን፤ ኑሯቸው ግን የተለያየ ነው። ሁለተኛው፣ ልዩነቱን የሚፈጥረው መንገድ መሆኑ ነው። የጋማ ከብቱ ድካም፣ የኬላው ቀረጥ፣ የገደሉና የወንዙ ሙላት ሁሉ በአሞሌው ዋጋ ላይ ይጨመራል። በክረምት ዋጋው መወደዱም ይህንኑ ያስረዳል።

ከአሞሌ ጋር አብሮ ይሠራበት የነበረው የማርያ ቴሬዛ ብርም ተመሳሳይ ነገር ያሳያል። በ1860 ዓ.ም. በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ዐፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት በላስታ ዳርቻ፣ በዋድላና በደላንታ አድርጎ ወደ መቅደላ ሲያልፍ፣ በመንገዱ ቀለብና መኖ የሚገዛው በዚህ ብር ነበር። የእንግሊዝ ፓውንድ በዓለም ላይ የከበረ ቢሆንም የደጋው ገበሬ አያውቀውም። ስለዚህ የእንግሊዝ መንግሥት በቪየና የ1780 (እ.ኤ.አ.) ጽሑፍ ያለበትን ብር አዲስ እያሠራ አስመጣ። የአንድ ገንዘብ ክብር በሌላ አገር ገበያ ለመብላት እንደማይበቃ ከዚህ ይታያል።

ምንዛሪ ሲጠነክር፣ ሕዝብ ሲራብ

የባንክ ምንዛሪ የኑሮ መለኪያ ሊሆን እንደማይችል ከሁሉ ይልቅ አጥብቆ የሚያስረዳው የ1965 ዓ.ም. ታሪክ ነው። በባዕድ ቋንቋ የኢትዮጵያ ዶላር ይባል የነበረው ብራችን በሐምሌ 1937 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ፣ አንድ የአሜሪካ ዶላር ለረጅም ጊዜ በ2.50 ብር አካባቢ ይመነዘር ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1971 ምንዛሪው 2.30 ሆነ፤ በየካቲት 1973፣ ማለትም በ1965 ዓ.ም. አጋማሽ፣ 2.07 ሆነ። የአሜሪካ ዶላር ዋጋው ስለ ወረደ ብራችን በአንጻሩ ጠነከረ። በዚህ ሂሳብ የኢትዮጵያ ሕዝብ የነፍስ ወከፍ ገቢ በዶላር ሲቈጠር አድጓል ማለት ነው።

በእነዚያው ወራት ግን የወሎ ሕዝብ በረኃብ እያለቀ፣ ስደተኛው በዋናው የሰሜን መንገድ ላይ ይጐርፍ ነበር። ከዚህ የበለጠ የመለኪያና የእውነት መለያየት ሊገኝ አይችልም። ይኸው የ2.07 ምንዛሪ ለ19 ዓመት ከግማሽ ያህል ሳይነቃነቅ ቈይቶ፣ መስከረም 21 ቀን 1985 ዓ.ም. ወደ 5 ብር ተለወጠ። በመካከሉ በ1977 ዓ.ም. ሌላ ታላቅ ረኃብ መጣ፤ በወሎ ገበያዎች እህል ብዙ እጥፍ ሲወደድና የከብት ዋጋ ሲወድቅ የባንኩ ምንዛሪ ምንም አላሳየም።

በቅርቡ ደግሞ ነገሩ በተቃራኒው ታየ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር እ.ኤ.አ. እስከ 2024 መጨረሻ ከ120 ብር በላይ ሆነ። በባንክ ምንዛሪ ቢሰላ የእያንዳንዱ ኢትዮጵያዊ ገቢ በጥቂት ወራት ውስጥ ከግማሽ በታች ወረደ ሊባል ነው። ነገር ግን በጎተራ ያለው ገብስ በአንድ ሌሊት በግማሽ አልጐደለም። እርግጥ ነው፣ ማዳበሪያን፣ ነዳጅንና መድኀኒትን የመሰለው ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሲወደድ ጕዳቱ እያደር ወደ ገበሬው መድረሱ አይቀርም። ይሁን እንጂ የጕዳቱ መጠን የሚታወቀው በገበያው እንጂ በባንኩ ሰሌዳ አይደለም። እስከዚህ ድረስ የመግዛት ዐቅም መለኪያ ከምንዛሪው እጅግ የተሻለ መሆኑ ግልጽ ነው።

የደሴ ዋጋና የደላንታ ዋጋ

ይህ ሲባል መለኪያው ጕድለት የለበትም ማለት አይደለም። ሕንዳዊው ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ስለ ድኽነትና ረኃብ በሚናገረው መጽሐፉ የወሎን ረኃብ መርምሯል። እንደ እርሱ አባባል በጊዜው በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ከቀድሞው እምብዛም አልተወደደም፤ እንዲያውም እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ ነበር። ሕዝቡ የተራበው እህል ስለ ተወደደ ሳይሆን የሚገዛበት ስላልነበረው ነው። የገበሬው ሰብል ሲጠፋ ምግቡም ገንዘቡም በአንድነት ጠፋ። የሚበላው አዝመራ የሚሸጠውም አዝመራ ነበርና።

ይህ ሐሳብ ለርእሳችን ታላቅ ቁም ነገር አለው። የመግዛት ዐቅም ሁለት ወገን አለው፤ አንዱ የዕቃው ዋጋ፣ ሁለተኛው በገዢው እጅ ያለው ነገር ነው። ዋጋን ብቻ የሚመዝን መለኪያ፣ ገበያው ርካሽ ነው ብሎ ሲመሰክር፣ ከገበያው ዳር ባዶ እጁን የቆመውን ሰው አያየውም።

ነገር ግን በሴን ላይ የቀረበውን ተቃውሞም መመልከት ይገባል። ስቲቨን ዴቨሩ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣው ጽሑፍ፣ የደሴ ዋጋ የወሎን ሁሉ ዋጋ ሊወክል አይችልም ሲል ተከራክሯል። ደሴ በመኪና መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከመንገድ ርቀው በገደል ለተከበቡት ደጋዎች ግን ገበያው የተቈራረጠ ስለ ነበር፣ እህል ወደ እነርሱ የሚገባው በጭነት ከብት ብቻ ነው፤ ከብቱም በድርቅ አልቋል።

የደላንታን አቀማመጥ የሚያውቅ ሰው ይህን ክርክር በቀላሉ አያልፈውም። ወገል ጤና የምትገኝበት አምባ በአንድ በኩል በበሽሎ፣ በሌላው በኩል በጅጣ ሸለቆ የተቈረጠ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ታላቁን መድፍ ሴባስቶፖልን ወደ መቅደላ ሲያስጐትቱ በዚህ ገደል መንገድ ለማስጠረብ ስንት እንደ ደከሙ ታሪክ ያስታውሰዋል። በእንዲህ ያለ አገር የደሴን ዋጋ ይዞ የደላንታን ኑሮ መገመት፣ በጨው ሜዳው ዋጋ የንጉሡን ከተማ አሞሌ እንደ መገመት ነው።

በአስተያየቴ ሁለቱም ሊቃውንት አንዱ የሌላውን ይሞላሉ እንጂ አይፋረሱም። ገበሬው የሚሸጠው አጥቶ ነበር፤ ጥቂት ያገኘም ቢሆን እህሉ ካለበት መድረስ አልቻለም። አንድ አገር አንድ ዋጋ ብሎ የሚነሣው የመግዛት ዐቅም ሂሳብ ግን ሁለቱንም ሐዘኖች ይሰውራል።

ስድስት ብርና ሦስት ኪሎ

ቦታ ብቻ ሳይሆን ጊዜም ዋጋን ይለውጣል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በብዙ የወሎ ወረዳዎችም ይሠራ ነበር። በዚህ ፕሮግራም እርከን የሚሠራና መንገድ የሚጠርግ ሰው በቀን 6 ብር፣ ወይም በምትኩ 3 ኪሎ እህል ይከፈለው ነበር። ክፍያው ሲወሰን ሁለቱ እኩል ናቸው ተብሎ ነው። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ በአገሪቱ በሙሉ ሲያሻቅብ ግን እኩልነቱ ፈረሰ። ክፍያው ወደ 8 ብር ከፍ ቢልም ከገበያው ጋር ሊደርስ አልቻለም። ሦስት ኪሎ እህል የሚቀበለው ሰው ዛሬም ነገም ሦስት ኪሎ ይዞ ሲገባ፣ ብር የሚቀበለው ግን በየወሩ እየቀነሰ የሚሄድ እህል ይዞ ይገባ ነበር። ስለዚህም ብዙዎቹ ክፍያቸው በእህል እንዲሆን መፈለጋቸው በጥናት ታውቋል።

መንግሥታችን ራሱ የድኽነትን ወለል የሚወስነው በእንዲህ ያለ የእህል ሂሳብ ነው። ለአንድ አዋቂ በቀን 2,200 ካሎሪ የሚሰጥ ምግብና ሌላ አስፈላጊ ነገር ለመግዛት በ1988 ዓ.ም. በዓመት 1,075 ብር ይበቃል ተብሎ ተሰልቶ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ለዚሁ ኑሮ የተሰላው 7,184 ብር ነው። ከዚህ በታች የሚኖረው ሕዝብ በ1988 ዓ.ም. ከመቶ 45.5 የነበረ ሲሆን፣ በ2008 ዓ.ም. ከመቶ 23.5 ሆኖ ተገኝቷል። ይህ አሠራር ከዶላር ይልቅ ለአገሩ ኑሮ የቀረበ ነው፤ ሆኖም የዓመት አማካይ ነው። የደጋው ገበሬ ግን አማካይ ዋጋ አይከፍልም። አዝመራ ሲገባ፣ ዋጋ ሲረክስ ይሸጣል፤ በክረምት ጎተራው ሲጐድል፣ ዋጋ ሲወደድ መልሶ ይገዛል። በልግ የቀረ እንደ ሆነ ደግሞ የመግዣው ወራት ይረዝማል።

ኦፓልና ጠጕር ቈራጭ

በ2000 ዓ.ም. በወገል ጤና አካባቢ ባለው ገደል ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ ተገኘ። ይህ ድንጋይ ብዙ ቀለም እያፈራረቀ የሚያብረቀርቅ በመሆኑ የወገል ጤና ስም በዓለም የጌጥ ነጋዴዎች ዘንድ እንዲታወቅ አድርጓል። ድንጋዩ ለርእሳችንም ጥሩ ማስረጃ ነው። የኦፓል ዋጋ የሚወሰነው በውጭ አገር ገበያ ነው፤ የጠጕር ቈራጩ ዋጋ ግን የሚወሰነው እዚያው በወገል ጤና ነው። ቤላ ባላሳና ፖል ሳሙኤልሰን እ.ኤ.አ. በ1964 በየፊናቸው እንዳስረዱት፣ በሀብታምና በድኻ አገር መካከል ዋናው የዋጋ ልዩነት ያለው ከአገር ወደ አገር በማይዘዋወረው አገልግሎት ላይ ነው።

እንግዲህ የመግዛት ዐቅም ሂሳብ የእኛን ገቢ ከፍ የሚያደርገው በአብዛኛው በዚህ ርካሽ አገልግሎት ምክንያት ነው። ታዲያ ይህን አገልግሎት የሚገዛው ማን ነው? ከተማ ያለው ባለ ደመወዝ ነው። ገደል ቆፍሮ ኦፓል የሚያወጣውና መሬት አርሶ የሚያድረው ሰው ከገቢው ብዙውን የሚያወጣው በእህል ላይ ነው፤ ቀሪውንም ከሩቅ ለሚመጣው ለጨው፣ ለዘይት፣ ለማዳበሪያና ለመድኀኒት ይሰጣል። ለእርሱ ርካሽ የተባለው ጕልበት የራሱ ጕልበት ነው። ስለዚህ ጕልበቱ መርከሱ በሂሳቡ ላይ እንደ ሀብት ሲጻፍለት፣ በእውነቱ ግን ድኽነቱ ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ሲጠቃለል፣ የባንክ ምንዛሪ ኑሮን ለመለካት አይበቃም፤ የመግዛት ዐቅም እኩልነት ከእርሱ የተሻለ ነው፤ ነገር ግን ለአገሩ ሁሉ አንድ ቍጥር አድርጎ የሚሰጥ እስከ ሆነ ድረስ የቦታን፣ የወራትንና የድኻውን ቅርጫት ልዩነት ይሸፍናል። አገሮችን እርስ በርሳቸው ለማነጻጸር ይጠቅማል፤ በደላንታ ማን ርቦታል ለሚለው ጥያቄ ግን መልስ የለውም።

የታሪክ ተማሪዎች ለዚህ የሚረዳ ሌላ ዘዴ አላቸው። ሮበርት አለን የተባለው የምጣኔ ሀብት ታሪክ ጸሓፊ የለንደንንና የደልሂን፣ የቤጂንግንም ሠራተኞች ኑሮ ያነጻጸረው፣ የአንድ ሠራተኛ ደመወዝ ቤተ ሰቡን በሕይወት ለማቈየት የሚያስፈልገውን አነስተኛ ቅርጫት ስንት ጊዜ ይገዛል ብሎ በመጠየቅ ነው። ይህ በአገራችንም ሊሠራ ይችላል። በየወረዳው ገበያ፣ በየወሩ፣ ሦስት ነገሮች ቢመዘገቡ ይበቃል፤ የአንድ ቀን ሥራ ስንት ኪሎ ገብስ ይገዛል፣ አንድ በግ ስንት ኪሎ ገብስ ይገዛል፣ አንድ ኪሎ ጨውስ በስንት ገብስ ይገኛል። በግ በርክሶ ገብስ መወደድ ሲጀምር ረኃብ መቅረቡን መዝገቡ ከማንም በፊት ይናገራል። በ1965 ዓ.ም. እንዲህ ያለ መዝገብ ከየደጋው ገበያ ቢኖር ኖሮ፣ የደሴን ዋጋ አይቶ ደኅና ነው የሚል ሰው ባልተገኘም ነበር።

ይህ ሥራ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ሚዛን፣ አንድ ደብተርና በገበያ ቀን የማይቀር አንድ ሰው ይበቃዋል። ለዕረፍት ወደየአገራችን የምንመለስ ተማሪዎች የየገበያችንን ዋጋ በመመዝገብ ብንጀምረው፣ ለሚቀጥለው ጥናት መሠረት ይሆናል።